ከምርቃት በኋላ ቃል የለም

ባለፈው ሳምንት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ተመድቦ ቢሮዬ መጣ። የሸሚዙ እጥፋት ገና ከመደብር እንደ ወጣ ያስታውቃል፤ ጫማውን ደጅ አስጠርጎ መግባቱን የቀለሙ ሽታ ይናገራል። እንዲቀመጥ ስጋብዘው የወንበሩን ጫፍ ብቻ ያዘ። በየትኛው ክፍል መለማመድ እንደሚፈልግ ብጠይቀው ፊቱ በራ።

«ሕዝብ ተሳትፎ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ጋሼ። እኔ እዚሁ መርካቶ ነው ተወልጄ ያደግሁት። ነጋዴዎቹ ያውቁኛል፤ ያምኑኛል። ስብሰባ ሲኖር ሰዉን እኔ አመጣልዎታለሁ።»

ፀጉሬ ሳይሸብት «ጋሼ» መባል የጀመርኩት በዚህ ወንበር ምክንያት ነው፤ እሱንስ ለምጄዋለሁ። «ያምኑኛል» ሲል በድምፁ ውስጥ የሰማሁት ኩራት ግን አንድ ጊዜ የእኔም ነበር። «ነገ ተመለስ» አልኩትና በመስኮቱ ወደ ሲኒማ ራስ በኩል ተመለከትኩ። የግንቦት ደመና በቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ላይ ዝቅ ብሏል፤ ከታች ተሸካሚዎች ዝናቡ ሳይቀድማቸው ለመድረስ «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ ይጣደፋሉ። በማግስቱ ሲመለስ አቤቱታ በሚሰማበት ክፍል መደብኩት። ቅር እንዳለው አውቃለሁ። ምክንያቱን በቃል ልነግረው አልቻልኩም፤ በጽሑፍ ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር።

ያደግሁት ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ለጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ሰዎች በሰፈሩበት አንድ መደዳ ነው። ሱቆቹ ጠባብ ናቸው፤ አንድ የስፌት መኪናና ሁለት ሰው ከያዙ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ሸራ ደግሞ ጠባብነት አይወድም። ለተሳቢ የሚሆን ሸራ ተጣጥፎ አይሰፋም፤ ተዘርግቶ መለካት፣ ተዘርግቶ መቆረጥ፣ በመጨረሻም በአራት ሰው ተወጥሮ ውኃ እየፈሰሰበት ከሥር የሚያንጠባጥበው ቦታ መፈለግ አለበት። ስለዚህ የመደዳው ሕይወት ያለው ከሱቆቹ ፊት ለፊት በነበረው ባዶ መሬት ላይ ነበር። ሜዳው እንለው ነበር። ማለዳ የደረሰ ሰው መጥረጊያውን በአንዱ ጥግ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ የዕለቱ ተራ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ከሰዓት በኋላ ሸራው ተጠቅልሎ ሲነሣ ሜዳው ጭር ይላል። በዚያ ሰዓት ያለፈ እንግዳ ባለቤት የሌለው ቦታ ያየ ይመስለዋል።

ከአባቴ ሱቅ ቀጥሎ ያለው የጋሽ ነስሩ ነበር። አባቴ ከጎጃም፣ ጋሽ ነስሩ ከስልጤ በወጣትነታቸው መጥተው በአንድ ሸራ ሁለት ጫፍ ላይ የተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሲወጥር አንዱ ይሰፋል። አባቴ ቃል ቆጣቢ ነው፤ ጋሽ ነስሩ የእሱንም ድርሻ ጨምሮ ይናገራል። አባቴ ሲጾም ጋሽ ነስሩ በፊቱ ሥጋ አይበላም፤ በረመዳን ደግሞ እናቴ ለማፍጠሪያ የምትልከው ሾርባ ከማንም ቤት ቀድሞ ይደርሳል። ሰው «ወንድማማች ናችሁ?» ሲላቸው ጋሽ ነስሩ «የለም፣ እኛ እንኳ እንዋደዳለን» ይል ነበር።

መደዳው የራሱ የመነጋገሪያ ወግ ነበረው። ጠብ ሲነሣ ሁሉም እትዬ ዘነበች ሻይና ፓስቲ ከምትሸጥበት ሸራ ሥር ይሰበሰባል። መጀመሪያ ወጣቶቹ ይናገራሉ፤ ይጮሁ፣ ይሰዳደቡ ዘንድ ይፈቀድላቸዋል። ሽማግሌ መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው። ቀድሞ ከተናገረ ልጆቹ አፍረው ያላቸውን ይውጡታልና፣ ዝም ብሎ ሁሉን ሰምቶ ዋናውን ቃል እሱ ያስቀምጣል። ከዚያ ምርቃት ይከተላል። ከምርቃት በኋላ ቃል የለም። የረሳኸው ነገር ቢኖር እንኳ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ አሜን በተባለበት ላይ መልሶ አፍ መክፈት በፈጣሪ ላይ መከራከር ያህል ነውር ነው።

የአካባቢ አስተዳደር ለማጥናት የወሰንኩት በዚያ ሸራ ሥር ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ይመስለኛል። ሰው ከሰው ጋር ተግባብቶ የሚኖርበትን ሥርዓት ከማወቅ የበለጠ ሞያ አልታየኝም። ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ስለ ከተማ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ፍርድ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ እየገዛሁ አነብ ነበር። የማታ ትምህርት ስጀምር መደዳው በሙሉ ሹመት አወጣልኝ።

«አስተዳዳሪው መጡ!» ትላለች እትዬ ዘነበች ደብተሬን ይዤ ሳልፍ። «ጌታዬ፣ ቧንቧው ከትናንት ጀምሮ አኩርፏል። ወይ ያስታርቁን ወይ ይቅጡልን!»

«ተይው፣ ገና አንደኛ ዓመት ነው» ይላል ጋሽ ነስሩ ክሩን በሰም እያሸ። «ዘንድሮ የሚማረው 'ነገ ተመለሱ' ማለትን ነው። መፍትሔው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው ያለው።»

አባቴ አይቀልድም፤ አይስቅምም። ግን ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ የስፌት መኪናውን ያቆም ነበር። እስካልፍ ድረስ እግሩን ከመርገጫው ላይ ያነሣል። ይህን እንዳየሁበት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሕዝብ ተሳትፎ የተባለውን ትምህርት የሚያስተምረን መምህር ዓለማየሁ ይባላል። ቀን በወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ ማታ ያስተምራል። ከአስተማሪዎቻችን ሁሉ የቀን ድካሙን ክፍል ይዞ የማይገባ እሱ ብቻ ነበር። ኮቱን በወንበሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ «ሕዝብ ደንቆሮ አይደለም፤ ደንቆሮው ሕዝብ በማያውቀው ቋንቋ የሚያናግረው ሹም ነው» ሲል ብዕሮች ሁሉ ይቆማሉ። እኔ እስከዚያ ድረስ እንደዚህ የሚናገር ሹም በምድር ላይ አለ ብዬ አላምንም ነበር። ከክፍል በኋላ ብዙ ጊዜ አብሮኝ ይወጣል። ዝናብ ካለ አንድ ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶ ያዝልኛል፤ መጽሐፍ ያውሰኛል፤ ያነበብኩትን ይጠይቀኛል። ከአባቴ በቀር በትምህርቴ የኮራ ሰው ያገኘሁት እሱን ነበር፤ እሱ ደግሞ ኩራቱን በቃል ይነግረኛል።

አንድ ምሽት ስለ መደዳችን ጠየቀኝ። ሜዳው እንዴት በመጥረጊያ ተራ እንደሚያዝ፣ ሽማግሌ ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚናገር፣ ከምርቃት በኋላ ለምን ዝም እንደሚባል በዝርዝር ነገርኩት። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አዳመጠኝ። በመጨረሻም እጁን በትከሻዬ ላይ አድርጎ «ይህን የጻፈ መጽሐፍ የለም፣ የኔ ልጅ። አንተ ግን ታውቀዋለህ» አለኝ። ዝናቡ ውስጥ በእግሬ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ታክሲ መያዝ ትዝ አላለኝም።

የልምምድ ጊዜዬ ሲደርስ ወደ ራሱ ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ። ጥቂት እንደ ሠራሁ ጠርቶ አስቀመጠኝ። ከመደዳችን ፊት ያለው ክፍት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ሐሳብ ከላይ መምጣቱን ነገረኝ። ደነገጥኩ፤ ድንጋጤዬን አይቶ ፈገግ አለ።

«ለዚህ ነው አንተን የጠራሁህ። ገና ሐሳብ ነው። ሕዝቡ ሳይሰማ ምንም አይሆንም፤ እኔ ያስተማርኩህን ትረሳለህ እንዴ? ስብሰባ እንጥራ። በዚያ ቀን ምንም ውሳኔ የለም፤ እነሱን ለመስማት ብቻ ነው። ግን በደብዳቤ ብንጠራቸው አይመጡም። አንተ ከነገርካቸው ይመጣሉ።»

ያን ዕለት ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ወሩ ግንቦት ነው፤ ክረምት ሳይገባ ሸራ ለማሠራት ሾፌሮች የሚሻሙበት፣ የመደዳው ሰው ምሳውን ቆሞ የሚበላበት ወቅት። ማንም ከሥራው ቀና ማለት አልፈለገም። ጋሽ ነስሩ ወስፌውን ሸራው ላይ እንደ ሰካ አዳመጠኝና ሳቀ።

«ወላሂ፣ በዕድሜዬ ከስብሰባ ያተረፍኩት የታሸገ ውኃ ብቻ ነው። እሱም ሞቆ ነው የሚመጣው።»

«ጋሽ ነስሩ፣ ይኼ እንደዚያ አይደለም። የሚጠራው ሰው መምህሬ ነው። ሊሰማችሁ ነው የሚፈልገው።»

«ውሳኔ የለም ነው ያልከኝ?»

«የለም።»

«ካንተ አፍ ነው የምሰማው እንግዲህ፤ የወረዳውን አፍ አላውቅም» አለና ወደ አባቴ ዞረ። «ታደሰ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

አባቴ ቀና አላለም። «ልጄ ብሏል» አለ። ጉዳዩ በዚያ አበቃ።

በቀጠሮው ቀን ሁሉም ሱቁን ዘግቶ መጣ። የሥራ ወቅት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የወረዳው አዳራሽ ላስቲክ ወንበር ተደርድሮበታል፤ ጋሽ ነስሩ እንደ ገባ ውኃውን ዳስሶ «ሞቋል!» ብሎ መደዳውን አሳቀ። አባቴ የፋሲካ ኮቱን ለብሷል። እኔ ከመድረኩ አጠገብ ቆሜ ማይክሮፎን አቀብላለሁ። መምህር ዓለማየሁ «ዛሬ የመጣነው ልንሰማ ነው» ብሎ ሲከፍት አንገቴ ሳይታወቀኝ ቀና አለ።

ወጣቶቹ ተናገሩ። ሥራችንን የት እንሥራ አሉ፤ ጮኹ፤ አንዱ ማይክሮፎኑን ከሌላው ቀማ። ከአጎራባች መደዳዎች የተጠሩት ደግሞ የቱቦውን መደፈን፣ የመብራቱን መጥፋት፣ የሌባውን ብዛት ዘረዘሩ። መምህር ዓለማየሁ ለእያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ጋሽ ነስሩ እጁን በምርኩዙ ላይ ደራርቦ በጸጥታ ይሰማል። ምን እንደሚል አውቅ ነበር፤ ከአባቴ ጋር ሲመክርበት ሰንብቷል። ሸራ ያለ ሜዳ እንደማይሰፋ፣ መኪናው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ቢቆም ማንም እንደማይጎዳ፣ ሜዳውን ለሁለት ሥራ በሰዓት መካፈል እንደሚቻል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

መምህር ዓለማየሁ ሰዓቱን አየ። ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ።

«ጊዜያችሁን አልሻማም፤ የሥራ ወቅት መሆኑን አውቃለሁ። የተባለውን ሁሉ ይዘናል። እንደ ባህላችን በሽማግሌ ምርቃት እንዝጋው።» እጁን ወደ ፊተኛው ረድፍ ዘረጋ። «አቶ ታደሰ፣ የዚህ የጎበዝ ልጃችን አባት፣ እባክዎ ይመርቁን።»

አባቴ ወደ ጋሽ ነስሩ ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ፈገግ ብዬ ነበር። በሕይወቱ በጉባኤ ፊት ተጠርቶ የማያውቅ ሰው፣ በልጁ ስም ተጠርቶ፣ «ቆዩ፣ ገና አልጨረስንም» ሊል እንዴት ይቻለዋል? ምርቃት ተጠይቆ እምቢ ይባላል? ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

«ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ።»

«አሜን!»

«የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ።»

«አሜን!»

«ክፉውን ያርቅልን። ለልጆቻችን ያድርግላቸው።»

«አሜን!»

ጋሽ ነስሩም መዳፎቹን ዘርግቶ አሜን አለ፤ ፊቱንም በእጆቹ ዳበሰ። ከዚያ ወንበሮች ተንጓጉ፤ ሰው ወጣ። ደጅ ላይ ሲደርሱ «ያቺን ነገር ሳታነሣት?» ሲለው አንዱ ሰማሁ። ጋሽ ነስሩ «ተመርቆ አለቀ እኮ። ሌላ ቀን እናነሣታለን፤ ዛሬ ውሳኔ የለም ተብሎ የለ» አለ።

ሌላ ቀን አልነበረም። ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ማለዳ መጥረጊያውን ይዞ የደረሰው ሰው ሜዳው ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘው። መደዳው በአንድነት ወደ ወረዳው ሄደ። በር ላይ የተቀበላቸው ሠራተኛ ግራ ተጋብቶ ነበር፤ ተቃውሞ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አይመስልም።

«እናንተው አይደላችሁ እንዴ ተስማምታችሁ የመረቃችሁት? ኃላፊው ለበላይ ያስረዱት እንደዚያ ነው። 'ሽማግሌዎቹ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ ብለው መርቀውናል፤ አንድም የተቃወመ ሽማግሌ የለም' ነው ያሉት።»

ይህ ሲባል እኔ እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳላንኳኳ ነው መምህር ዓለማየሁ ቢሮ የገባሁት። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ከኋላዬ የቆሙ መስሎኝ ነበር። ወጥቶ የመጣው ግን «ዋሹኝ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሆነ።

አልተቆጣም። ወንበር አሳየኝ።

«ተቀመጥ። የዋሸሁትን አንድ ነገር ጥቀስልኝና ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ስብሰባ እንጠራለን አልኩ፤ ጠራን። እንሰማለን አልኩ፤ ሰማን። በዚያ ቀን ውሳኔ የለም አልኩ፤ ውሳኔው የመጣው በኋላ ነው። መርቁን አልኩ፤ መረቁ። የቱ ነው ውሸቱ?»

«ጋሽ ነስሩ አልተናገረም!»

«እጁን አላወጣማ።»

«ሽማግሌ መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው። ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«አዎ» አለ፤ በክፍል ውስጥ ጥሩ መልስ ስመልስ እንደሚያየኝ አየኝ። «ነግረኸኛል። ቦታው እንደሆነ ከላይ ተፈልጎ ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን መወሰኑ አይቀርም። ያለ አንተ ቢሆን ኖሮ በፖሊስ፣ በጩኸት፣ ምናልባትም በዱላ ይሆን ነበር። ባንተ ምክንያት በአሜን ሆነ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስልሃል? ትምህርትህን ስትጨርስ ወደዚህ ና። እንዳንተ ያለ ሰው ያስፈልገኛል።»

ውሸቱን ፈለግሁት። በእውነት ፈለግሁት፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አገላብጬ ፈተሽኩ። አልነበረም። ያን ቀን ያወቅሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስፈራኛል፤ ሰውን አንድም ሐሰት ሳይናገሩ መክዳት ይቻላል። ለዚያ የሚያስፈልገው ሰውየው የሚያከብረውን ነገር ማወቅ ብቻ ነው። ያንን ደግሞ በዝናብ ምሽት፣ በማኪያቶ ላይ፣ ደስ ብሎኝ የነገርኩት እኔ ነኝ። እንደ አባት የሚሰማኝ ሰው ሲሰማኝ የነበረው ለዚህ ነበር።

በዚያ ክረምት መደዳው ተበተነ። አንዳንዶቹ በእግረኛ መንገድ ላይ ሸራ ለመዘርጋት ሞክረው ደንብ አስከባሪ አባረራቸው። አንዳንዶቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። ጋሽ ነስሩና አባቴ ቦርሳና የሱቅ በር ሸራ ወደ መስፋት ዞሩ፤ በጠባብ ቦታ የሚሠራ ጥቃቅን ሥራ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሸራ ሁለት ጫፍ ላይ አልቆሙም፤ ሁለት ጫፍ ያለው ሸራ አልመጣላቸውምና። እኔን ማንም አልሰደበኝም። እትዬ ዘነበች ሻይ ስትቀዳልኝ «እንደምን ዋልክ» ትለኛለች፤ በስሜ። አስተዳዳሪው ብላ መጥራቷን ትታለች። ጋሽ ነስሩ አንድ ቀን ብቻ፣ ወስፌውን ሳያስቀምጥ፣ «አንተንም እኮ ነው የሸጡህ፣ ልጄ። እኛስ የወሰዱብን ሜዳችንን ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ያለቀስኩበት ቀን የለም።

ትምህርቴን ልተው ነበር። አልተውኩትም፤ አባቴ ከልክሎኝ ነው። «ጀምረኸዋል» ብቻ አለኝ። መምህር ዓለማየሁ ወደ ከፍተኛ ቦታ ተዛውሮ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አግኝቼው አላውቅም። እኔም ወደ ሥራው ዓለም ገብቼ፣ ሌላ ቦታ ቆይቼ፣ ወደ ሰፈሬ ተመለስኩ። ስብሰባ ስመራ ሽማግሌዎቹን ቀድሜ እየዞርኩ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ በዚህ ያፍራሉ፤ ወግ የማላውቅ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።

ይህ ግን ለሥራዬ ያተረፍኩት ነው። በቤታችን የጎደለው ሌላ ነው። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ መርቆ አያውቅም። በሠርጌ ዕለት እኔና ሙሽራዬ ጉልበት ልንስም ጎንበስ ስንል ግንባራችንን ስሞ ዝም አለ፤ እንግዳው ሁሉ ዕንባ ያነቀው መሰለው። ሚስቴ ስትወልድም እንዲሁ። ማንም አይጠይቀውም፤ እሱም ምክንያቱን ተናግሮ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ለእናቴ «አፌ ምን ላይ እንደሚውል አላውቅም» እንዳላት ከእሷ ሰምቻለሁ።

ባለፈው እሑድ የልጄን የልደት ቀን በእሱ ቤት አከበርን። ዳቦው ቀረበ፤ ሁሉም ተነሣ። አባቴ እንደ ልማዱ ቢላውን ለጋሽ ነስሩ አቀበለ። ጋሽ ነስሩ አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ቢላውን በዳበሳ ተቀብሎ፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ መዳፎቹን ዘረጋ፤ ልጄን አሳድጋት፣ አስተምራት፣ ለወግ አብቃት አለ። ሁላችንም አሜን አልን። የአባቴም ከንፈር ከእኛ ጋር ተንቀሳቀሰ። እኔ ግን ጋሽ ነስሩ ጨርሶ ዳቦው እየተቆረሰ ሳለ ጥቂት ቆየሁ፤ ምናልባት አንድ ቃል ይጨምር እንደሆነ ብዬ የአባቴን አፍ እያየሁ። ልጄ እጄን ጎትታ «አባ፣ አለቀ እኮ፣ ቁጭ በል» አለችኝ።